ሮብ የማይገኘው ሰው

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማክሰኞና ሐሙስ ይሰበሰባል። ይህ ጤነኛ ሰው የሚያናድድ ነገር አይደለም። እኔን ግን ያናድደኛል። በሁለቱ መካከል የተቀረቀረችው ሮብ የእኛ ናት! ከተማችን ሮብ ገበያ ላይ ሰው የሚገኘው ሮብ ነው። ከጮቄ ተራራ ሥር ድንች ጭኖ የወረደው፣ ገብስ ያመጣው፣ ለሽምግልና የተጠራው፣ የሚሸጠውም የሚገዛውም ሳይኖረው ወሬ ሊሰማ የመጣው፣ ሁሉም ያን ቀን አለ። ሐሙስ ብትመጡ የምታገኙት የወረዳ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ስብሰባ ላይ ካልሆነ።

አዲስ የተመረጠው እንደራሴያችን ግን ማክሰኞ አራት ኪሎ፣ ሐሙስ አራት ኪሎ። በመሐል ቋሚ ኮሚቴ አለበት።

«ምክር ቤቱ ሲዘጋ ይምጣ» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ መቼ ነው የሚዘጋው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ላይ ቁርጡን ተናግሯል፦ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰውየው ለእኛ የሚለቀቀው እንግዲህ ሐምሌ መባቻ ነው። ሐምሌን ጮቄ ሥር ያሳለፈ ሰው ይህን አንቀጽ አያረቅም። ጭጋግ፣ ጭቃ፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ተመራጩ በከተማ ጫማው ማሳ ዳር ቆሞ «ችግራችሁን ንገሩኝ» ሲል፣ ገበሬው በልቡ «የኔ ጌታ፣ ለጊዜው ችግሬ ከሥራ ያስቆምኸኝ አንተ ነህ» ይላል።

በመሐል የአንድ ወር እረፍት ይፈቀዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት አካባቢ ነው። ያኔ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል። በሽሮ የተሸኘ እንደራሴ የመንገድ ጥያቄያችንን እስከ አባይ በረሃ እንኳ ያደርሰዋል? ለነገሩ ሮብም ጾም ነው። ከተማችን እንግዳ በሥጋ ለመያዝ ከመነሻው አልታደለችም።

የመጀመሪያ ዓመቱን ሳስበው ግን አሳዘነኝ። መስከረም ላይ ፕሬዚዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሲከፍቱ በአዲስ ሱፍ ያጨበጭባል። ጥቅምት ላይ ካሜራው እሱ ወንበር ድረስ ይደርስ እንደሆነ ያጣራል። ኅዳር ላይ እጅ ማውጣት ይለምዳል። እጅ ማውጣት ቀላል ነው፤ ብቻን ሲያወጡት ነው የሚከብደው። ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወንበር ሲይዙ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ ነበሩ፤ ከተቃዋሚው መድረክ ደግሞ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ገቡ። አንድ ጥቅም ነበራቸው፦ የቡድናቸው ምልዓተ ጉባኤ ጎድሎ አያውቅም። በ2007 ያቺም አንድ ወንበር ሄደች። በ2013 ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ሲያገኙ፣ ዘጠኙ እጅ ሰላማዊ ሰልፍ መሰለን።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። ማዳበሪያ በዘር ሰዓት ካልደረሰ አልደረሰም። በ2015 የክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ ለአቤቱታ አደባባይ ወጥቷል። ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት እንደ ወጉ ለምክር ቤቱ የዘጠኝ ወር ሪፖርት ይቀርባል፣ ጥያቄ ይነሣል፣ «ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው» ይባላል። ትኩረት በኩንታል አይሰፈርም! ማሳ ላይ አይበተንም! ሰኔ 30 አዳራሹ ሲቆለፍ የእኛም የዘር ወቅት አብሮ ይቆለፋል። አዳራሹ መስከረም ላይ ይከፈታል፤ የእኛ ግን ዓመቱን ይጠብቃል። እዚያ የተቀመጠው እንደራሴያችን ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ዓመት ለምክር ቤቱ ካልነገረ፣ በአምስተኛው ማን ይነግርልናል?

አንቀጽ 54 እኮ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ይወገዳል ይላል። ደስ ይላል። ግን ለማውረድም መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ የምንሰበሰበው ሮብ ነው፤ ሮብ እሱ ኮሚቴ ላይ ነው። ሰውን በሌለበት ማማት ያለ ነው፤ መክሰስ ግን ነውር ነው።

ምክር ቤቱ ቀኑን ወደ ሰኞና ዓርብ ያዛውር ብዬም አስቤ ነበር። ግን የሰኞ ገበያተኛ፣ የዓርብ ገበያተኛ ደግሞ በተራው እንዲህ ብሎ ይጽፋል። ጎጃም ውስጥ ገበያ የማይውልበት ቀን ማግኘት ከባድ ነው። እሑድ ነበረች፤ እሷም እድርና ማኅበር አለባት። ማኅበሩን ለማውጣት ተራው የደረሰ ሰው ደግሞ እንኳን ስለ ፓርላማ ስለ ራሱም ማሰብ አይችልም፤ ጠላ መጥመቅ አለበት። በነገራችን ላይ፣ የዘንድሮን የጌሾ ዋጋ ሰምታችኋል?