«ለተማሪ ደግሞ ወተት?» ላላችሁኝ

እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ላይ ቡና በተፈላበት ሁሉ የልጅ ምሳ ይነሣል፤ የልጅ ምሳ ከተነሣ ደግሞ እኔ ዝም አልልም፤ «ለተማሪ በትምህርት ቤት ወተት ይሰጥ» ባይ ነኝ። የተወረወረልኝንና የመለስኩትን እነሆ።

«ልጄ፣ እኛ ጎንደር ሳለን ማን ወተት እያጠጣ አስተማረን?»
ጋሼ፣ እርስዎ ጓሮ ላም ነበረች። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ የት ትታሰር?

«ወላጅ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»
ወላጅማ ይሠራል፤ የማይደርሰው ደመወዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮቴጅ የሚባለው አይብ ሲወደድ ስንቱ ደህና ደመወዝተኛ «አልገዛም» ብሎ አድሞ ነበር። እሱ ያማረረውን ዋጋ፣ ደረጃ እየጠረገች አምስት ልጅ የምታሳድገው ትቻለው?

«ትምህርት ቤት ምሳ ይበላሉ፤ ሌላ ምን ጎደለ?»
ምሳውስ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕግ ወጥቶለታል፤ ረጅም ቀን በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ትኩስ ምግብ ይቀርባል። ዶሮ በቀረበበት ማዕድ ግን ወተት አይቀርብም፤ የካሼር ሕግ ነው፣ እኔም አልሟገተውም። ስለዚህ የወተት ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ በአሩሃት ኤሴር፣ በረፋዱ መክሰስ። ያን ሰዓት ልጅ የሚበላው ከቤት የያዘውን ነው፤ ያልያዘ የጓደኛውን ሳንድዊች ያያል። የሚያሳስበኝ ይህ ልጅ ነው። እሱ ጋ አንድ ብርጭቆ ወተት ይድረስ፤ ለእሱ ብቻ ተብሎ ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ፣ ማንም «ድሃው ማነው?» ብሎ እንዳይቆጥር።

«መንግሥት ወተት አዳይ ሊሆን ነው?»
መንግሥቱ ሳይመሠረት እንኳ ታድሏል! እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሀዳሳ የተባለው የሴቶች ድርጅት ኢየሩሳሌም ውስጥ ለሕፃናት ወተት በአህያ ጭኖ ያደርስ ነበር። ዛሬ ልጆቻችንን የምናስከትብበት የጢፓት ሀላቭ ጣቢያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ያኔ በአህያ ከደረሰ፣ አሁን ከአፉላ ዳር አሎን ታቦር ላይ የትኑቫ ወተት ፋብሪካ ቆሞ ለምን ይቸግራል?

«ሆዳቸውን ይነፋቸዋል።»
እትዬ፣ እውነትዎን ነው፤ የወተት ስኳር የማይስማማው ብዙ ነው። እርጎ ይስጧቸዋ! ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ ላቦራቶሪ ነው።

«ወተት የጠጣ ሁሉ ሊጎብዝ ነው?»
አላልኩም። ኬንያ ኤምቡ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው ለአንዱ ሥጋ፣ ለአንዱ ወተት፣ ለአንዱ ዘይት ጨምረው አበሏቸው። በአእምሮ ፈተና የበለጠው ሥጋ የበላው ነው። ወተቱ ግን ትንንሾቹንና ቁመታቸው ወደኋላ የቀረውን አሳድጓል። የቀጨጨ ልጅ ላላት እናት ይህ ትንሽ ነገር ነው?

«ኬንያማ ጀምራ ትታዋለች።»
ፕሬዚዳንት ሞይ እ.ኤ.አ. በ1979 ያስጀመሩት የተማሪዎች ወተት መቋረጡ ልክ ነው። ያነሰው ግን ገንዘቡና አያያዙ እንጂ የልጆቹ ፍላጎት አይደለም። በጀቱን ቀድሞ ማሰር ነው መድኃኒቱ።

«አገር ቤትስ? በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ አይደለን?»
በቀንድ ቆጠራ አዎን፤ በወተት ግን የአገር ቤቷ ላም በቀን በአማካይ ሁለት ሊትር አትሞላም፤ የዚህኛዋ ከ30 ሊትር ታልፋለች። መኖ፣ ሐኪም፣ ዝርያ፣ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2022 ሲጀመር ወተትን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል። አዲስ አበባም ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ታበላለች፤ እኛ የምንመኘው የጠዋት ማዕድ እዚያ ተዘርግቷል። የሌማቱን ወተት ከተማሪው ቁርስ ጋር አገናኙት፤ ገበሬው ቋሚ ገዢ ያገኛል፣ ልጁም ብርጭቆውን።

«አገር ቤት ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው እኮ!»
ይጹማ፣ ማን ከለከለው? ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስስ?