ድንጋይ ማን ያምጣ?

ዲኤክስ ኮሮላ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ለመጓዝ የሚመረጥ መኪና አይደለም። ይህን ለባለቤቴ ወንድም ገና ደሴ ሳለን ነግሬው ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ዳገት ይወዳል» ብሎ አለፈኝ። ለሰርግ የቸኮለ ሰው ምክር አይሰማም።

አቀስታን አልፈን፣ ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ የሆነ ዳገት ስንያያዝ ከመቀመጫችን ሥር ብረት ከብረት ይደበደብ ጀመር። ወዲያው አንድ ትልቅ «ጓ!»፤ ከዚያ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ የለም። የሻፍቱ የኋላ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ተሰብሮ ሻፍቱ መሬት ወርዷል።

በቪትዝ ላደገ ወጣት ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። የአብዛኞቹ የዛሬ ትንንሽ መኪኖች ሞተራቸውም ኃይል የሚያገኘው ጎማቸውም ከፊት ነው፤ ኮሮላም ቢሆን በ1983 እ.ኤ.አ. ከመጣው ሞዴል ጀምሮ ወደዚያው ዞሯል። ዲኤክስ ግን ሞተሩ ፊት፣ ገፊው ጎማ ኋላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ሻፍት የሚባለው ከሆዱ ሥር የሚሽከረከር ረጅም ብረት ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ ለራሱ ብቻ ይሠራል።

ማርሽም መኪና የሚይዘው በዚሁ ብረት በኩል ነው። አማቼ ይህን ዘነጋው። የእጅ ፍሬኑ ከሞተ ሰንብቷል፤ እሱ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ እግሩን ከፍሬን ላይ አነሳ። መኪናው ወደ ደሴ መመለስ ጀመረ፣ በጀርባው። «ድንጋይ! ድንጋይ!» እያልኩ ዘልዬ ወረድኩ። ድንጋይ የሞላበት አገር ቆሜ አንድ ድንጋይ አላይም! ከማሳው እየሮጡ የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው ትልቅ ቋጥኝ ከጎማው ኋላ የወረወሩት። «አብሽሩ» አሉን፤ ሁለተኛም ሊያመጡ ተመለሱ።

ሻፍት ማውጣት ቀላል ነው፤ ዲፈረንሻሉ ላይ ያሉትን አራት ቡሎኖች መፍታት፣ ከዚያ ፊቱን ከካምቢዮው ጅራት መምዘዝ። ከመፍታት በፊት ግን ምልክት ይደረጋል፤ ሻፍት ሚዛኑ ተጠብቆ የተሠራ ስለሆነ እንደነበረው ካልተመለሰ መኪናው ይንዘፈዘፋል። ጠመኔ የለንም። ለሙሽራዋ ከተያዘው ዕቃ የጥፍር ቀለም አውጥተን ቀባነው፤ ቀይ፣ ቆንጆ ምልክት ሆነ።

አማቼ ሻፍቱን ሲመዘው የካምቢዮ ዘይት ተከትሎት ወጣ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገቱ ስላቀና ዘይቱ በሙሉ ወደ ጅራቱ ወርዶ ኖሯል፤ ያረፈው ደግሞ ለሰርጉ በተገዛው ሸሚዝ ላይ ነው። ቆሎዬን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ፌስታሉን ሰጠሁት፤ ቀዳዳው ላይ አልብሶ በካመራዳሪ ቁራጭ አሰረው።

ጎታች ስንጠብቅ ሴባስቶፖል ትዝ አለኝ፤ በመቅደላ አገር ከባድ ብረት ይዞ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ጋፋት ላይ የተሠራው ያ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ የጅዳንና የበሸሎን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ሞተሩም ሻፍቱም ሰው ነበር። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው።

ለእኛ አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ደረሰልን። ሻፍት የወጣለት መኪና ለመጎተት ይመቻል፤ የኋላ ጎማው ሲዞር ካምቢዮውን አብሮ አያዞርም። ሻፍቱን እግራችን ሥር አጋድመን መካነ ሰላም ስንገባ የሰርጉ ምሳ አልቋል፤ ክሮቼራውም ከደሴ በአውቶቡስ እስኪመጣ ሙሽሮቹ መልስ ተጠርተዋል።

በዲኤክስ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ደሴ ሳላችሁ ከመኪናው ሥር ግቡና ክሮቼራውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ በአውቶቡስ ሂዱ።