ጳጉሜን ያልተቀበለው መድረክ

ቡና ላኪ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ የያዘ ሰው ከቡናው ይልቅ ወረቀቱን ነው የሚያጠናው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲጫን ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጂኑ፣ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫው ሁሉ ይከተሉታል። ሽያጩ በኤልሲ (በሌተር ኦፍ ክሬዲት) ከሆነ፣ ባንኮች በሚሠሩበት ዩሲፒ 600 መሠረት ኤልሲው ሌላ ካላለ በቀር ዕቃው በተጫነ በ21 ቀን ውስጥ ሰነዱ መቅረብ አለበት። በሰነዶቹ መካከል ልዩነት ከተገኘ ክፍያው ይጓተታል። ገዢው ዋናው ወረቀት በባንክ በኩል እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ቅጂውን አስቀድሞ ለማየት የሚቸኩለው ለዚህ ነው።

ቅጂዎቹን ሐምቡርግ ላለው ገዢያችን ስንልክ የኖርነው በአሮጌው የፋይል ማስተላለፊያ መንገድ፣ በኤፍቲፒ ነበር፤ ሌሊት፣ መስመሩ ሲቀል። ኤፍቲፒን ሰዎች ሲያጣጥሉት ደስ አይለኝም። አብሃይ ቡሻን ኤምአይቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው የመጀመሪያውን ንድፍ የጻፈው፤ በ1985 የወጣው ደንብ ደግሞ ዛሬም መሠረቱ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገለ ሥራ ክብር ይገባዋል። ችግሩ ጥቂት ተቋማት ብቻ በተገናኙበት ዘመን መወለዱ ነው። ፓስወርዱ በገበያ መካከል ጮክ ተብሎ እንደሚጠራ ስም ገሃድ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ይሰማዋል። በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ ፓስወርድ ለቃሚ ፕሮግራም ሲገኝ ታቱ ዩሎነን መስመሩን የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤች ጻፈ፤ ፋይል የሚያስተላልፈው ኤስኤፍቲፒም በኋላ የመጣው በዚያው ላይ ነው።

እናም አንድ ቀን ከገዢው ደብዳቤ መጣ፤ ኤፍቲፒው ይዘጋል፣ ሰነድ ሁሉ ከእንግዲህ በጋራ መሥሪያ መድረክ ላይ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና ስልኩ ላይ በሚመጣለት ቁጥር ይገባል። የእኛ የሂሳብ ሶፍትዌር ግን ከኤፍቲፒ ሌላ አያውቅም፤ የሚቀይረውም ሰው የለም። ስለዚህ መሐል ላይ አገናኝ ፕሮግራም አስቀመጥን፤ ከአሮጌው ተቀብሎ ለአዲሱ የሚያደርስ።

የመጀመሪያው ጉድ የታየው በፋይል ስም ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ፋይሎቹን በአማርኛ ነው የሚሰይሙት። አሮጌው መስመር ስሙን ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ባይቱን እንዳለ ያሳልፈው ነበር። አገናኙ ግን ሊተረጉመው ሞከረ፤ የማያውቀውን እያንዳንዱን ፊደል ጥያቄ ምልክት አደረገው። መድረኩ ደግሞ በስም ውስጥ ጥያቄ ምልክት ስለማይቀበል አገናኙ በሰረዝ ተካው። ሲዳማ ሦስት ፊደል ነው፤ ሐረርም ሦስት። ሁለቱም ሦስት ሰረዝ ሆኑና የሐረሩ ሰነድ በሲዳማው ላይ ተጻፈበት። ያዳነን መድረኩ ራሱ ነው። የቀድሞውን ቅጂ እንደ ቀደመ እትም ይዞት ስለነበር፣ የሲዳማውን ከሐረሩ ታሪክ ውስጥ አወጣነው። በኤፍቲፒ ቢሆን ጠፍቶ ቀርቶ ነበር።

«በላቲን ጻፍ እንዳትለኝ፤ እኔ ሰነዴን የምፈልገው በአማርኛ ነው» አሉኝ ጋሼ።

«አይነካም ጋሼ።»

እውነት አላቸው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ፊደላችን ተለውጦ ለማሽን የሚገዛበት ምክንያት የለም። የፋይሉን ስም የኮንትራት ቁጥሩ አደረግነው፤ የአማርኛው ስያሜ ራሱን ችሎ የርዕስ ዓምድ ላይ ሰፈረ።

ግማሽ ፋይልም ነበር። አገናኙ ሰነዱ ገና እየገባ ሳለ አንሥቶት ይሄድና ሐምቡርግ የሚደርሰው የተቆረጠ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፋይሉ በጊዜያዊ ስም ይገባል፣ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛ ስሙን ያገኛል።

ከሁሉ የከበደው ቀኑ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 የተፈረመ አንድ ሰነድ «03-13-2016» ተብሎ ሲላክ መድረኩ መለሰው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለም አለ። እኔን ያስደነገጠኝ የተመለሰው አንዱ አልነበረም፤ ያልተመለሱት ሌሎቹ ናቸው። ሐምሌ 3 ቀን 2016 እንደ ፈረንጆች ኅዳር 3 ቀን 2016 ተነቦ ዝም ተብሎ አልፏል። ገና የተፈረመው ሰነድ ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መድረኩም ያረጀውን በራሱ ወደ ማኅደር የሚያዛውር ደንብ አለው። ጳጉሜን ባትኖር ኖሮ ማን ያይልን ነበር? አሁን ሁለቱም ቀን በየራሱ ዓምድ ይጻፋል፤ ደንቡ የሚያየው የፈረንጁን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላም አንድ ነገር ቀረ። የገዢው ኦዲተር «ይህን ኢንቮይስ ማን ለቀቀው?» ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡ ላይ ያለው የአገናኙ ስም ብቻ ሆነ፤ የሁሉም ሰነድ ላኪ ማሽን ነው። መስመሩ ተመስጥሯል፣ የቀድሞው የጋራ ፓስወርድ ግን በአዲስ ልብስ ተመልሷል። የሰነድ ደኅንነት ማለት ለእኔ ሰነዱ ባለቤቱን ማወቁ ነው። ስለዚህ አሁን የሚለቀው ሰው በስሙ ገብቶ ያጸድቃል፤ አገናኙ ይሸከማል እንጂ አይወስንም። ካደረሰ በኋላም ቅጂ አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሙቭኢት የተባለው የፋይል ማስተላለፊያ ሶፍትዌር በአንድ ክፍተት ሲሰበር፣ ብዙ ድርጅቶች የተዘረፉት እዚያው ተከማችቶ በቆየው ፋይል ነው።

ጉዳዩን እንዲህ የማጠብቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ቡና የበቀለበትን መሬት መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። በዚያ መስመር የሚሄደው ከእንግዲህ የኪሎ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ማሳና ስሙም ጭምር ነው። የእኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የገበሬዎቹን ዝርዝር «ለጊዜው በድሮው መስመር እንላከው» ያሉኝ አሉ። አልላክሁም፤ ዝርዝሩን መድረኩ ላይ የሚያዩት ሰዎች በስም ተለይተው እስኪጻፉ ድረስ ፋይሉ እዚሁ ይቆያል።