ገናችን ገና ነው

እኛ በሰልፍ ነው ያደግነው፤ በስኳር ሰልፍ፣ በዘይት ሰልፍ፣ በታክሲ ሰልፍ። በደርግ ዘመንማ መስከረም 2 ቀን ቀበሌ ስም እየጠራ አብዮት አደባባይ ያወጣን ነበር። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ከኦክላንድ ደውሎ «ሳን ሆዜ የገና ሰልፍ ላይ ብንወጣስ?» ሲለኝ፣ አፌ ላይ የመጣው «ምን ያከፋፍላሉ?» የሚል ነበር።

ወጣን። ሌላው ቀይ ቆብ ደፍቷል፤ እኛ ነጭ በነጭ ሆነናል። በረዶ ለዓይን በማይታይበት ከተማ፣ የበረዶ ሥዕል የተለጠፈበት መኪና ከፊታችን ያዘግማል። ስም የሚቆጣጠር የለም፤ ይኸው ቅር አለኝ መሰለኝ።

ከዳር የቆሙ ደግ ሴትዮ ወተት የበዛበት ትኩስ ቸኮላት ዘረጉልን። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት ወሩን እንኳ አልደፈነም፤ የእነሱ ገና ታኅሣሥ 16፣ የእኛ ታኅሣሥ 29። ይህ ሁሉ በምን እንግሊዝኛ ይነገራል? ወዳጄ አሳጠረውና «ለእኛ ኢየሱስ ገና አልተወለደም» አላቸው።

ሴትየዋ በሐዘኔታ አይተውን ከቦርሳቸው የወንጌል ወረቀት አውጥተው ሰጡን። ቸኮላቱን ማን ጠጣው እንዳትሉኝ።