ዕዳ ከፋዩ

ለሰርግ ድንኳን፣ ለክርስትና ሙክት፣ በየዓመቱ ለሚቀየር ስልክ ሲበደር የኖረው የሰፈራችን ሰው ዘንድሮ «ዕዳዬን ልዘጋ ነው» ብሎ አወጀ። እሰየው! ዕቁብ ገባ፤ ዳኛውን ለምኖ፣ ዋስ ጠርቶ የመጀመሪያውን ዕጣ ወሰደ። (መጀመሪያ የሚበላ ዕቁብተኛ ከቀሪዎቹ ሁሉ እንደተበደረ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?) ባለሱቁ ተከፈለው፤ ከዱቤ ደብተሩ ስሙን ሰረዘለት፤ በማግስቱ አዲስ ገጽ ላይ ጻፈው። የየሳምንቱን የዕቁብ ክፍያ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር በመጣው የስልክ ብድር ይሸፍናል፤ የስልኩን ከደመወዙ፣ የደመወዙን ጉድለት ከአማቱ። አሁን፣ እሱ እንደሚለው፣ ዕዳ የለበትም፤ ያለበት «ትንሽ መዋጮ» ነው። ዋስ ሁኑኝ ብሎ ከመጣ ግን፣ ወዳጆቼ፣ በሩን እንዳትከፍቱ።