ሞራ አንባቢው የልጅ ልጄ

ድሮ በአገራችን ሞራ ገላጭ የሚባል ሰው ነበር። በግ ሲታረድ ሞራውን ወደ ብርሃን ዘርግቶ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ የዝናቡን፣ የጦሩን፣ የሹሙን ዕድሜ ይናገራል። ቢሳሳትም በጉ ይበላል። እኔ ግን በእርጅናዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ መጥቼ በግ የሌለው ሞራ ገላጭ እጅ ወደቅሁ። የልጅ ልጄ ነው፤ ዕድሜው 14፣ ሞራው ደግሞ ስልክ ላይ ያለች አንዲት ጨለማ ፎቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡር መንዳት የሚያስመስል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ሠሪዎቹ በየጊዜው አዲስ መስመር ይሸጣሉ፤ ሠላሳ፣ አርባ ዶላር (ከፋዩ ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ከመሸጣቸው በፊት ግን እንደ ሙሽራ በዓይነ ርግብ ሸፍነው ጥግ ጥጉን ብቻ ያሳያሉ፦ ግማሽ ሐዲድ፣ አንድ ዛፍ፣ ብዙ ጭጋግ። ከዚያ ወዲያ ግምት ነው። «ቀጣዩ የአሜሪካ መስመር የት ይሆን?» እራት ላይ ግምት፣ መኪና ውስጥ ግምት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ሲያወልቅ ግምት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ሠሪዎቹ ደግሞ እንግሊዞች ናቸው! የካሊፎርኒያን ተራራ ኬንት ቁጭ ብለው ይጠርቡታል። የአሜሪካ ባቡር በመስኮታችን ሥር እየጮኸ፣ እኛ እንግሊዝ ምን አስቦ ይሆን እያልን እናድራለን።

ከባቡር ጋር ጠብ ኖሮኝ አይደለም። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ከድሬዳዋ ባቡር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ መንገዱ ነጠላ፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ የምቆጥረው ልጁ ሌላ ስለማያውቅ ነው።) አሥራ አምስት ዓመት! አያቶቻችን ጠበቁ እንጂ፣ ፎቶ እያጎላ «የሚቀጥለው ጣቢያ አዋሽ ይመስለኛል» ያለ የለም። ይሄ ልጅ ሦስት ሳምንት መታገሥ አቅቶት ጥፍሩን በልቶ ጨረሰ።

«አባባ፣ ተሃቻፒ ነው» አለኝ ባለፈው ቅዳሜ፣ ክትፎ በያዘ እጄ ስልኩን አስጨብጦኝ። «አንተ አታውቅም እንጂ ይሄ መታጠፊያ ተሃቻፒ ነው።» አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ቃል የለም። እናቱ የሌሊት ነርስ ናት፤ ማን ያስተምረው?

አላውቅም? ተሃቻፒ ማለት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐዲዱ ኮረብታ ዞሮ በራሱ ላይ የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ በ1876 የተሠራ። ባቡሩ አንዱን ዙር ሲጨርስ 23 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ርዝመቱ ከ1,200 ሜትር ካለፈ ራሱ ከላይ ሲሄድ ጭራው ገና ከታች ዋሻ ውስጥ ነው፤ የገዛ ጭራውን የሚረግጥ ዘንዶ በሉት። ያምራል፣ አልካድኩም። ግን መደበኛ የመንገደኛ ባቡር አያልፍበትም! ከቤከርስፊልድ ሎስ አንጀለስ የሚሄደውን መንገደኛ አውቶቡስ ላይ ነው የሚጭኑት። ታዲያ ልጁ ምን ሊያመላልስ ነው? ኮንቴይነር። ኮንቴይነር መቼ ነው ወርዶ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው?

«እሺ፣ ዶነር ይሆናል» አለ።

ዶነር ደግሞ የሴራ ኔቫዳ በረዶ ነው። የጫፉን ዋሻ፣ 506 ሜትር ሙሉ፣ እስከ 1867 ድረስ ፈልፍለው የጨረሱት ቻይናውያን የቀን ሠራተኞች ናቸው። (ቻይና የሰው አገር ሐዲድ መዘርጋት የጀመረው ትናንት አይደለም፤ የእኛንም አዲሱን የጅቡቲ መስመር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው።) በጥር 1952 ከ200 በላይ ሰው የጫነ ባቡር እዚያ በረዶ ውጦት፣ መንገደኞቹ ሦስት ቀን ያህል ታግተው ከረሙ። ይህን ብነግረው ይፈራል ብዬ ነበር። «እሱን ነው የምፈልገው!» ብሎ ዘለለ። ደጃፋችን ላይ የሚወርደውን በረዶ ጥረግ ሲባል ግን ወገቡን ያመዋል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ሲባል ሰምቼ ነበር። ይሄ ልጅ ዋዮሚንግን ረግጦ አያውቅም፤ የሸርማን ሂልን ዳገት ግን ከቤታችን ደረጃ በላይ ያውቀዋል። ተራራ ቢሉ እኮ ጨዋታው ውስጥ ሞልቷል፦ የፔንሲልቬኒያው ሆርስሹ ከርቭ አለ፣ ካሆን አለ፣ ያው ሸርማን ሂልም አለ። ዳገት አይጠገብም? ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ መውጣት ነው። ጉዱ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩን ጄኔሬተር ታደርገዋለህ፤ የመንኮራኩሩ ጉልበት ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩ ሙቀት ሆኖ በጣራው ይወጣል፣ ባቡሩም ይገታል። የአየር ፍሬኑን ግን እየያዝክ እየለቀቅክ ከተጫወትክበት አየሩ ያልቅብሃል፤ ከዚያ የሚቀርህ ጸሎት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ስተነትንለት «ለዚያማ ሪስታርት አለ» አለኝ። ሪስታርት! እኛ የነበረን አለቃ ነው።

«እና አንተ የትኛውን ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላሰብኩበትም ብል ውሸት ነው። ለእሱ አልነገርኩትም እንጂ ከሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሁለት መጽሐፍ ተውሼ አንብቤያለሁ።

የምፈልገውማ ደጃችን ላይ ያለውን ነው። ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ተነሥቶ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሮክቪል፣ በብራንስዊክ አድርጎ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ የሚገባውን የማርክ ባቡር። በእኛ ደጅ የሚያልፈውን ሐዲድ በ1873 የከፈተው የባልቲሞርና ኦሃዮ ኩባንያ ነው። ትዕይንት ካማራችሁ ሃርፐርስ ፌሪ አለ፤ ከዋሻ ወጥተህ እልፍ ሳትል ፖቶማክ ከሥርህ ነው። ታሪክም አለው። በ1859 ጆን ብራውን ባርነትን ለማጥፋት ተነሥቶ የመንግሥቱን መሣሪያ ግምጃ ቤት የያዘው እዚያ ነው። የሌሊቱን ባቡር አስቆመና መልሶ ለቀቀው፤ ባቡሩም ሄዶ ወሬውን አዳረሰው። አንድ የባቡር ሰው ምነው ባማከረ!

ከሁሉ በላይ ሰው ይጭናል። ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት፤ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት። በሩን ከፍተህ፣ ሰዓትህን አይተህ፣ የምትሮጠዋን ሴትዮ ጠብቀህ መዝጋት አለብህ። እሱ ነው ሥራ።

«ይደብራል፣ አባባ» አለ። «ደግሞ የኩባንያዎቹን አርማ ጨዋታ ላይ ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልጋል።» «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ከእኔ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ሲተኛ ስልኩን ሳሎን እንዲተው እናቱ አዝዛለች፤ መክፈቻ ቁጥሩ ደግሞ የእኔ የልደት ዓመት ነው። መነጽሬን አድርጌ ፎቶዋን አንድ ጊዜ ብቻ ልያት አልኩ።

ከዛፉ በላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሁለት ቢጫ ነጥብ፤ ሰያፍ። ልቤ ቀጥ አለ። የድሮው የባልቲሞርና ኦሃዮ ሲግናል እንዲህ ነበር፦ ክብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥንድ ጥንድ መብራት፤ አረንጓዴው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቀዩ የተጋደመ፣ ቢጫው ሰያፍ። የፔንሲልቬኒያው ኩባንያ ግን በመስመር ሦስት መብራት ነበር የሚያበራው። እነዚህ ሁለት ናቸው። ፎቶዋን ሳጎላት ነጥቦቹ አለመጉላታቸው ትንሽ ቢገርመኝም ዝም አልኩ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ልጁን ቀሰቀስኩት። «ተነሥ! የእኛው መስመር ነው! ሲግናሉን እይ!»

አንድ ዓይኑን ገልጦ ስልኩን አየ። በአውራ ጣቱ መስታወቱን ጠረግ አደረገው። መብራቶቹ ጠፉ።

«ቅቤ ነው፣ አባባ» ብሎ ተገላብጦ ተኛ።

ቅቤ ይሁን። ዛፉ ግን የሜሪላንድ ዛፍ ነው።