ውሃ ቀጂውና ጎሚስታው

(ሸዋሮቢት፣ ደሴ መንገድ ዳር፣ እሁድ ጠዋት። ጎሚስታው ጋሽ ይመር የባጃጅ ጎማ አውልቀዋል። ባለባጃጁ ኑሩ ይቁነጠነጣል። እትዬ ወርቄ የሽንኩርት ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል።)

ኑሩ፦ ጋሼ፣ ፍጠኑልኝ እንጂ! እትዬ ወርቄን መናኸሪያ ላድርሳቸው፤ የሰንበቴ ገበያ ሊያመልጣቸው ነው።

እትዬ ወርቄ፦ በዚህ ሙቀት ሽንኩርቱ ራሱ ሊበስል ነው። ሰንበቴ ስደርስ ወጡን እሸጣለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ሌሊቱን ኳስ ሲያይ ያድራል፤ ጠዋት ሚስማር ላይ ይወጣል።

ኑሩ፦ ፈረንሳይ ስትጫወት ይተኛል እንዴ? ዲዲዬ ዴሾ እኮ ነው! በ1990 አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫ አነሳ፤ በ2010 አሠልጣኝ ሆኖ ደገመው። ከሱ በፊት በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም ዋንጫውን ያነሱት ዛጋሎና ቤከንባወር ብቻ ናቸው።

እትዬ ወርቄ፦ ጎል አግቢ ነበር?

ኑሩ፦ ኧረ አማካይ! ኳስ ነጥቆ ለነዚዳን ያቀብላል። ካንቶና እንዲያውም «ውሃ ቀጂ» ብሎ አሽሟጦታል።

እትዬ ወርቄ፦ እኔ ከሮቢ ወንዝ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስቀዳ ዋንጫው ይቅርና እንስራውን የሚያወርድልኝ አላገኘሁም።

ጋሽ ይመር፦ የኛንስ አማካይ ታውቀዋለህ? ሉቺያኖ ቫሳሎን?

ኑሩ፦ የጁቬንቱሱ?

ጋሽ ይመር፦ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካው! አንተ የዴሾን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ታውቃለህ። ሉቺያኖ አሥመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያን፣ የኢትዮጵያ አምበል ነበር። ጥር 13 ቀን 1954፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ግብፅ 2 ለ 1 እየመራች 6 ደቂቃ ሲቀር አቻ ያደረገው እሱ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አገባ፤ መንግሥቱ ወርቁ ደገመ፤ 4 ለ 2!

ኑሩ፦ ወላሂ? ግን ያኔ እኮ የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ናቸው አሉ።

ጋሽ ይመር፦ አዎ፣ አራት! ዛሬ ሃያ አራት ይገባሉ፤ የኛ ልጆች ግን በር ላይ ቆመው ይቆጥሯቸዋል። ከ1974 እስከ 2005 ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በሩን እንኳ አልረገጥነውም።

እትዬ ወርቄ፦ ዋንጫውን ታዲያ ማን ተቀበለ?

ጋሽ ይመር፦ ሉቺያኖ ራሱ፣ ከጃንሆይ እጅ። በፊት ግን «የጣሊያን ስም ያለው ሰው እንዴት ከንጉሡ እጅ ይቀበላል?» ብለው ያንገራገሩ ነበሩ ይባላል።

እትዬ ወርቄ፦ ጎሉ ሲገባ ስሙን ጠይቀውታል?

ጋሽ ይመር፦ ጎል መታወቂያ አይጠየቅም፣ እትዬ። ዋንጫ ነው የሚጠየቀው።

ኑሩ፦ ከዚያስ? እንደ ዴሾ አሠለጠነ?

ጋሽ ይመር፦ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ እንጂ! በደርግ ጊዜ ግን አገር ጥሎ ወጣ። ሮም ሄዶ ምን ቢከፍት ጥሩ ነው? ጋራዥ!

ኑሩ፦ ጋራዥ?

ጋሽ ይመር፦ (ደረታቸውን ነፍተው) የሙያ ወንድሜ ነው። በ2015 መስከረም ላይ እዚያው አረፈ።

ኑሩ፦ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳ ሰው ዘይት ሲቀይር?

ጋሽ ይመር፦ ምን ነውር አለው? ጋራዥ ውስጥ መኪናው ነው የሚበላሽ፤ ፌዴሬሽን ቢሆን...

እትዬ ወርቄ፦ ይመር! ጎማውን!

ጋሽ ይመር፦ እሺ፣ እሺ። እኔም ብሆን ብሔራዊ ቡድኑን ቢሰጡኝ መሐል ሜዳውን...

እትዬ ወርቄ፦ አንተ ደግሞ! በዚህ አገር አሠልጣኝ ያልሆነ ሰው የለም፤ የጠፋው ተጫዋች ነው። መጀመሪያ አንድ ጎማ ለጥፍ!

(ጎማው ተለጠፈ። ኑሩ ሒሳቡን ከፍሎ ጆንያውን ይጭናል።)

ኑሩ፦ በቃ፣ ከባጃጄ ኋላ ያለውን የዚዳን ስቲከር አንስቼ ሉቺያኖን አጽፋለሁ። ትልቅ አድርጌ!

እትዬ ወርቄ፦ ጻፍ፣ ልጄ። ትራፊኩ ግን «ይሄ ስም የየት አገር ነው? የባጃጇን ሊብሬ አምጣ» ሲልህ እኔ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው።